ከአጥር ማዶ ያለው የአማቴ ለምድ

ህንዶቹ አልተሞኙም።

የአሜሪካ ቀይ ህንዶችን ሁሉም ሰው ተሞኙ ይላል። ነጩ ሰው በመርከብ መጣ፣ የመስታወት ቁራጭና አንድ እፍኝ ዶቃ ሰጠ፣ አገሩን ከነቆዳው ጠቅልሎ ወሰደ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆመን ስናወራ ይህን ታሪክ የሚያነሣ አንድ ሰው አይጠፋም። አውርቶ ሲጨርስ ራሱን ይነቀንቃል። እኛ ብንሆን ኖሮ እንዲህ አንሸወድም ነበር ማለቱ ነው።

ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር መቃወም አመሌ ነው፤ ባለቤቴ በሽታ ትለዋለች። ስለዚያ ዘመን የቆዳ ንግድ እጄ የገባውን ሁሉ ሳነብ ስለኖርኩ መልሴ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ዶቃው በአገሩ አልነበረም። ቢቨር ግን፣ ያ ወንዝ እየገደበ የሚኖር ጥርሰ ትልቅ እንስሳ፣ በየወንዙ ሞልቷል። አውሮፓ ውስጥ ከጠጉሩ ባርኔጣ ይሠሩ ነበር። የተረፈህን ሰጥተህ የሌለህን መውሰድ ሞኝነት ከሆነ መርካቶ በሙሉ ሞኝ ነው። ደግሞ ፈረንጆቹ አብልጠው የሚፈልጉት አዲሱን ቆዳ ሳይሆን ያረጀውን ነበር፤ ሰው ክረምቱን ሁሉ ለብሶት፣ ላቡ ገብቶበት፣ ሻካራው ጠጉር ተራግፎ ለስላሳው ብቻ የቀረውን። ያገሬው ሰው አሮጌ ልብሱን አውልቆ ሰጥቶ በምትኩ ቢላዋና ድስት ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ማን በማን ላይ ይስቅ እንደነበር ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ይህን ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ። አሁንም እናገራለሁ፣ እውነት ነውና። ግን በዚያ ሁሉ ንባብ አንድ ሰው ዘልዬ ነበር። በሁለቱ መካከል ቆሞ የዚህን ቃል ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ የሚያቀብለውን ሰው።

የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ ዋይሊ የምትባል ከተማ ነው። ቤቶቹ አዲስ ናቸው፤ ዛፎቹ ገና በገመድ ተደግፈው ነው የቆሙት። የመንደሩ መንገዶች በሙሉ ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ከቆዳው ዘመን ነው፤ የእኛ የአጥማጁ መንገድ ይባላል፣ የሚቀጥለው ደግሞ የቢቨር ጎዳና። ቤት ሠሪዎቹ መጀመሪያ የጠፋውን ነገር ያጣሩና ስሙን ለመንገድ ይሰጡታል። አንድ ጊዜ እውነተኛ ቢቨር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ኩሬያችን ውስጥ ገብቶ ሁለት ዛፍ ቢጥል ጊዜ፣ የነዋሪዎቹ ማኅበር አጥማጅ ቀጥሮ አስያዘው። ሰውየው ወጥመዱን ይዞ የገባው በቢቨር ጎዳና በኩል ነበር።

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። አዲሰን በምትባል ሌላ ከተማ ካለ አንድ ቢሮ ተቀምጬ፣ ሄድሴት ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሕመምተኛንና እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሐኪምን በስልክ አገናኛለሁ። የሥራው ሕግ አጭር ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። ሕመምተኛው ሐኪሙን ቢሰድበው ስድቡን ታቀብላለህ። ሐኪሙ ሦስት ወር ቀረህ ካለ ሦስት ወር ቀረህ ትላለህ። ጎበዝ ነኝ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ከእኛ ጋር ይኖሩ የነበሩት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የወሎ ሰው ነበሩ። አባታቸው ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ከየገጠሩ የበግና የፍየል ቆዳ እየሰበሰቡ በበቅሎ ደሴ ያወርዱና ለውጭ አገር ነጋዴዎች ያስረክቡ ነበር። ከዚያ ወደ ወደብ፣ ከወደብ ወደ ማንም ወደማያውቀው አገር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ቆዳ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ያልሸጡት አንድ ነገር የራሳቸውን ለምድ ነው። የአንበሳ እንዳይመስላችሁ፤ የጀግና ወግ የለበትም። ጥቁር የመንዝ በግ ለምድ ነው፣ ጠጉሩ ረጅም፣ አራቱ እግሮች ሳይቆረጡ እንደተንጠለጠሉ የተተዉ። ከብዙ ቆዳ መርጠው፣ በእጃቸው አልፍተው፣ እስኪሞቱ ትከሻቸው ላይ ኖረ።

አማቴ ወረሱት። በሱዳን በኩል ሲሰደዱም ለብሰውት ወጡ። ያንን በረሃ በበግ ለምድ የተሻገረ ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሲተኙ ምንጣፍ፣ ሲነሡ ልብስ ሆናቸው። እኛ ቤት ሲገቡ መኝታ ክፍላቸው በር ጀርባ ላይ መስቀያ አስመቱኝና ሰቀሉት። ኮሪደሩ በሙሉ እሱን እሱን ይሸት ነበር፤ ቅባት፣ ላብ፣ አሮጌ ጭስ። እኔ በልቤ እያማረርኩ በአፌ ምንም አልልም።

ኑዛዜያቸው አንድ ብቻ ነበር። ገና ደህና ሳሉ አስቀምጠው ነገሩን።

«ስሞት ለምዴን አልብሱኝ። ሳጥኑ ላይ አይደለም፣ ትከሻዬ ላይ።»

«እሺ አባባ፣ አሁን ይሄ ለምን ይነሣል?» አለች ባለቤቴ።

«ስሚኝ። አባቴ ሲሞቱ እኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን ሸምግዬ፣ ጥርሴ ረግፎ ብሄድ በምን ያውቁኛል? ለምዱን ግን ያውቁታል። እሳቸው ናቸው የሠሩት።»

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ቢሆንም ይህንን የሰማሁ ዕለት አልሳቅሁም።

ከጓሯችን አጥር ማዶ የሚኖረው ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ጢሙ ነጭ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ደግ። ሌላው ጡረተኛ ጎልፍ እንደሚጫወተው እሱ የድሮ ቆዳ ነጋዴ መሆን ይጫወታል። የአጋዘን ቆዳ ለብሶ፣ በዚያ ዘመን ዓይነት ጠመንጃ ታጥቆ፣ ከመሰሎቹ ጋር ሜዳ ላይ ድንኳን ይተክላል። መጀመሪያ ሲያጫውተኝ በውስጤ የሳቅሁበት ሳቅ አሁንም ያሳፍረኛል።

አንድ የጸደይ ነፋስ ከአጥሩ ሁለት ሳንቃ ጣለ። በዚያ ክፍተት አማቴ ሰውየውን አዩት፤ ግንድ ላይ የአጋዘን ቆዳ ዘርግቶ በሁለት እጁ ሲፍቅ። ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ አጥሩ ሄዱና ለረጅም ጊዜ ቆመው ተመለከቱት፤ ከዚያ ጠሩኝ።

«ና እስቲ። በጣም እየጫነው ነው፣ ይበሳዋል በለው።»

አልኩት። ሰውየው ማጭዱን የሚመስለውን ቢላዋ ዘቅዝቆ ሞከረ፤ ሳቀ፤ «ሰር፣ ልክ ነዎት» አለ። በእሱ ቤት ሰር ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳንቃዎቹን አልመለስናቸውም። የነዋሪዎቹ ማኅበር አጥሩን ጠግኑ የሚል ደብዳቤ ላከ፤ ሌላም ላከ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በክፍተቱ ግራና ቀኝ ወንበር አስቀምጠው ይውላሉ። ቅዳሜና እሑድ እኔ መካከላቸው እቆማለሁ።

«ቆዳውን በምን ነው የሚያለሰልሰው?»

«በአጋዘኑ አንጎል ይላል።»

«በምን?»

«በአንጎሉ። አሽቶ ይቀባዋል።»

አማቴ አማተቡ። «በል ንገረው፣ እኛ እንቧይ ነው የምንጠቀመው። አንጎል ውስጥ እጁን አይክተት፣ ነውር ነው።» ይህንም ተረጎምኩ። ሰውየው እንቧይ ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈለገ። ልክ እንደ ጓደኛሞች ነበሩ። «እንደ» የምለው ጓደኝነቱ የቱ ላይ እንደተቆረጠ ስለማውቅ ነው።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ አማቴ ለምዳቸውን ለብሰው ወጡ። ጎረቤታችን እስከዚያ ቀን አይቶት አያውቅም ነበር። የያዘውን ጣለው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ በክፍተቱ ገባ።

«መንካት ይቻላል ወይ በልልኝ።»

አማቴ ትከሻቸውን አስጠጉለት። ሰውየው ጎንበስ አለና ጠጉሩን በትንፋሹ እፍ ብሎ ከፈለው፤ ሥሩን ለማየት። የአማቴ ፊት በራ። «አየኸው? አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ቆዳ ሲገዙ» አሉኝ።

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቆዳ አይቼ አላውቅም» አለ ሰውየው። ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር ብል አላጋነንኩም።

መቼም ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሰው ዕቃችሁን ካደነቀ ውሰደው ትላላችሁ። እሱም ኧረ በስመ አብ፣ ለባለቤቱ ያምራል ይላል። እናንተ አፈር ስሆን ውሰደው ትላላችሁ። እሱ ደግሞ እንደሰጡኝ ይቆጠር፣ እዚሁ ይቀመጥልኝ ይላል። ዕቃው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሁለታችሁም ተከባብራችሁ ትለያያላችሁ። አማቴ በሰማንያ ምናምን ዓመታቸው ይህንን ስንት ጊዜ እንዳደረጉት ማን ያውቃል። አንድም ጊዜ ዕቃቸው ሄዶ አያውቅም።

«ይውሰደው በለው» አሉ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ደስ ብሏቸዋል ብል ማንም አያውቅብኝም።

«ውሰደው ይላሉ» አልኩት።

ሰውየው ቀላ። አንዴ እኔን፣ አንዴ አማቴን አየ። «እርግጠኛ ናቸው?»

ይህ የአሜሪካኖች እምቢታ ነው። ትንሽ ናት፣ ግን እምቢታ ናት። በር ከፍቶልን ነበር። «የእውነትዎን ነው ወይ ይላል» አልኳቸው።

የአማቴ ቅንድብ ተሰበሰበ። «ምን ማለቱ ነው? ሰጥቼ ልነጥቅ ነው? አፈር ስሆን ይውሰደው በለው!»

«እርግጠኛ ነኝ ይላሉ» አልኩት። አፈር ስሆንን ጣልኩት፤ እንግሊዝኛ አጣሁለት። የሥራዬን ሕግ የጣስኩት እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ምንም በማይጠቅም ቦታ።

ሰውየው ለምዱን ከትከሻቸው ላይ በሁለት እጁ፣ ሕፃን እንደሚያነሣ አድርጎ አነሣው። አማቴ በሹራብ ቀሩ። እጃቸው አንገታቸው አካባቢ፣ የለምዱ ማሰሪያ በነበረበት ቦታ፣ በአየር ላይ ቆሞ ነበር። መልሶ እስኪያለብሳቸው እየጠበቁ ነበር። ሰውየው አቀፋቸው፤ ደጋግሞ አመሰገነ፤ በክፍተቱ ወጥቶ ሄደ። እጃቸው ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ከሥራ ስትመለስ መስቀያው ባዶ መሆኑን ጫማዋን ሳታወልቅ አየች።

«ሶ አንተ ምን አልከው?»

«ያሉትን።»

«ያሉትን! ማለቴ፣ አንተ ማሽን ነህ? ሰው እንደዚህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ኦኬ። ሂድና ይዘህ ና። አሁን።»

አማቴ ከመኝታ ቤታቸው ሰምተው ነበር። «ማንም አይሄድም!»

«አባባ፣ ሰውየው እኮ አልገባውም።»

«ገባው አልገባው እኔ ሰጥቻለሁ። በሰጠሁት ነገር ልጄ የሰው በር የምታንኳኳ ከሆነ፣ እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

የት ይሄዳሉ? የትም። ግን አንዴ ብለውታል፤ ባለቤቴም የአባቷ ልጅ ናት፣ ዳግመኛ ለመሄድ አላነሣችውም። እኔ ግን የሥራ ሕጌን ስጠቅስላት ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ሕጉ ሰበብ ነበር። እውነቱን ለእናንተ ልናገር። ማየት ፈልጌ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ስለዚያ ግብይት ሳነብ ኖሬ፣ ዓይኔ ሥር፣ ጓሮዬ ውስጥ ሊደረግ ነው። ውሰደው ሲባል የሚወስድ ሰው ምን ይመስላል? አየሁት። ደስ ያለው ሰው ይመስላል፤ ሌባ አይመስልም። ጎረቤቴ ሌባ አይደለም፣ አሁንም አልልም።

አማቴ ግን በረዳቸው። ባለቤቴ ማሞቂያውን ጨመረች፤ በረዳቸው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ እጃቸው ሳያስቡት ወደ በሩ ጀርባ ይሄዳል፤ ብረቱን ይነካል፤ ይመለሳል። ብረቱን ልነቅለው ብዬ መፍቻ ይዤ ገባሁ። «ተወው፣ ምን አደረገህ?» አሉኝ። ሽታው ከኮሪደሩ ለመጥፋት ወራት ፈጀበት። ያማረርኩበት ሽታ ሲጠፋ ቤቱ የሰው ቤት አልመስል አለኝ።

መጋቢት ላይ ጎረቤታችን ሐይቅ ዳር ባለ ሜዳ እነሱ የድሮ ነጋዴ ሆነው የሚሰባሰቡበት ዝግጅት ላይ ጋበዘን። አማቴ መሄድ ፈለጉ። ልባቸው እየደከመ ነበር፤ በተሽከርካሪ ወንበር ገፋኋቸው። ድንኳኖች፣ የእሳት ጭስ፣ ሽቦ ላይ የተሰቀለ ቆዳ፣ የሚሯሯጡ ሕፃናት። ጎረቤታችን ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ለምዱን ለብሶ።

መጀመሪያ አላወቅሁትም። ታጥቧል። ጠጉሩ ተበጥሯል፤ ያበራል። አንገቱ ዙሪያ ሰማያዊ ዶቃ በረድፍ ተሰፍቶበታል። አራቱ እግሮች የሉም። ከእነሱ የጥይት ከረጢት ሠርቶባቸዋል፤ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎታል። በኩራት ነበር ያሳየን፤ ስፌቱን፣ እያንዳንዱን ዶቃ። ብዙ ወር ለፍቶበታል። አማቴ ከወንበራቸው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው ጫፉን ያዙ፤ እግሩ የተቆረጠበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አፍንጫቸው ላይ አስጠጉት። ከዚያ ለቀቁት።

«አምሮበታል በለው።»

«አምሮብሃል ይላሉ» አልኩት።

ሰውየው ይህን ሲጠብቅ ነበርና ሮጦ ከድንኳኑ አንድ ነገር አመጣ። በዚያ ዘመን ስጦታ ያለ አጸፋ አይቀበሉም ነበር አለ፤ እሱም የአጸፋውን እስኪጨርስ ነው የቆየው። ሰማያዊ ዶቃ ነው። አንድ ክር ሙሉ የብርጭቆ ዶቃ፤ በዚያን ጊዜው ዓይነት፣ በእጁ የሰካው። በአማቴ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። አማቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ጨዋ። እኔ የወንበሩን እጀታ ይዤ ቆሜያለሁ። ህንዶቹ አልተሞኙም እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ። አልተሞኙም። ጨዋ ነበሩ።

ስንመለስ መኪናውን ፓርክ አድርጌ ወንበራቸውን ሳወርድ፣ «ያ ሰው ሲሞት አባቴ እሱን ይቀበሉት ይሆን?» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ነሐሴ ላይ አልጋ ያዙ። ሆስፒታል ቤታቸው ይሁኑ ብሎ አሰናበተን። ፍልሰታ ጾም ነበር። ውጭ አስፋልት የሚያቀልጥ ሙቀት፣ እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ በሩ ጀርባ አዩ።

«ለምዴን አልብሱኝ።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ወጣሁ።

ከእኛ በር እስከ ጎረቤታችን በር ያለው መንገድ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በዚያች ሁለት ደቂቃ ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ አዘጋጀሁት። እንጀራዬ እኮ እሱ ነው። ደወልኩ። ሰውየው ከፈተ፤ ሲያየኝ ፊቱ በደስታ ሞላ። «እንዴት ናቸው? ዛሬ ስለሳቸው እያሰብኩ ነበር!» ከበስተ ኋላው፣ ወደ ጋራዡ በሚወስደው ክፍት በር፣ ለምዱ እንደ ሰው አካል በተሠራ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ይታየኛል።

አልፎ አልፎ በማወጣቸው ጽሑፎቼ ይሉኝታን ስንት ጊዜ እንደተሳለቅሁበት ያነበበኝ ያውቃል። አገራችንን ያቆረቆዘ ባህል፣ የድፍረት ጠላት፣ ምናምን። በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ።

«ሰላም ለማለት ነው የመጣሁት» አልኩ።

ሰውየው ትንሽ ጠብቀኝ ብሎ ገባና በፎይል የተሸፈነ ሳህን አመጣ። ቀኑን ሙሉ ያጨሰው የበሬ ሥጋ ነው። ለሳቸው፣ ጉልበት እንዲሰጣቸው። ተቀበልኩ፤ በሁለት እጄ። ፍልሰታ ላይ፣ ትኩስ ሥጋ ይዤ፣ ለምድ ሳልይዝ ሊሞቱ ወደተቃረቡት አማቴ ተመለስኩ።

«መጣ?» አሉ አማቴ።

«ታጥቦ እየደረቀ ነው አባባ። ትንሽ ቆይቶ ይመጣል።»

ሳይንቀጠቀጥ ወጣልኝ። መዋሸት እንደምችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በጣም እችላለሁ። ሌላ ሰው ቢሰማኝ ዕድሜ ልኬን የሠራሁበት ይመስለዋል።

ባለቤቴ ከሳሎን የበግ ጠጉር የሚመስለውን ብርድ ልብስ አመጣችና ትከሻቸው ላይ አደረገችው። ጥቁር ነው፣ ለስላሳ፣ ጠጉራም። ከመደብር የገዛነው። አማቴ ዓይናቸው ተጨፍኖ ነበር። ጣቶቻቸው ግን የቆዳ ነጋዴ ልጅ ጣቶች ናቸው። ጫፉን ያዙት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አሹት። ገለበጡት። ከጠጉሩ ጀርባ ቆዳውን ፈለጉ። ጨርቅ ነው።

«ጀርባ የለውም» አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፉ።

ዕድሩ ሁሉን ነገር በሥርዓቱ አደረገ። ፍትሐቱ ተፈታ። ጎረቤታችን ሱፍ ልብስ ለብሶ መጥቶ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ፤ እጁ ላይ ቆቡን ሲያሽ፣ ሴቶቻችን ይሄ ደግ ፈረንጅ ማነው እያሉ ጠየቁኝ። ጓደኛቸው ነው አልኳቸው። ሬሳው በሱፍና በነጭ ጋቢ ተገንዞ ገባ። ጋቢው አዲስ ነበር፤ ማንም ለብሶት የማያውቅ።

ዶቃው የእኛ ቤት ነው። ባለቤቴ መጣልም ማየትም ስላልፈለገች እኔ በሩ ጀርባ ባለው መስቀያ ላይ አንጠለጠልኩት። የቤቱ ማቀዝቀዣ ሲነሣ ነፋሱ ያገኘውና ብረቱን ይመታል። ክፍሉን አሁን ለመጽሐፎቼ ነው የምጠቀምበት፤ በዚያ ድምፅ መሀል ነው ይህን የምጽፈው።

የማላምንበትን ነገር አንዱን ልናገር። ጠዋት ወደ አዲሰን ስወጣ የጎረቤታችን ጋራዥ አንዳንዴ ክፍት ይሆናል። ለምዱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ታጥቦም፣ ተበጥሮም፣ ተቆርጦም፣ የአማቴ ትከሻ ጉብጠት አልለቀቀውም፤ እንጨቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ለምዱ ግን ጎብጧል። ጋራዡ ውስጥ ያለው መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ ዓይነት ነው። ማንም ሳይኖር ሲበራ አይቻለሁ። ድመት ይሆናል። እኔ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ሽማግሌ ቆዳ ነጋዴ አስባለሁ። ልጃቸውን ፍለጋ የሠሩትን ለምድ ሽታ ተከትለው መጡ እንበል። ሽታው ታጥቧል። ቢሆንም ለምዱን አውቀው ደረሱ እንበል። የሚደርሱት ዋይሊ ነው፣ የአጥማጁ መንገድ ላይ፣ የሌላ ሰው ጋራዥ። እፍ ብለው ጠጉሩን ይከፍሉታል። ልጃቸው ደግሞ በሌላ ቦታ፣ በአዲስ ጋቢ፣ ማንም ሳያውቃቸው ቆመዋል።

ሰውየው አሁንም ሲያየኝ እጁን ያወዛውዛል። እኔም አወዛውዛለሁ። ብጠይቀው ያለ አንድ ቃል እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። አሁን ምን ያደርግልኛል?

ከእናንተ መካከል የሚያስተረጉም ብዙ ነው፤ በደመወዝ ባይሆንም ለእናቱ፣ ለአማቱ፣ ለአጎቱ። ሐኪም ፊት ያሉትን ሁሉ ተርጉሙ፤ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ጓሮ ውስጥ ግን፣ አንድ ሽማግሌ ብቸኛ ዕቃቸውን ይዘው ለእንግዳ ሰው «ይውሰደው በለው» ካሏችሁ፣ ለማየት አትጓጉ። ዋሹ። እዚያው፣ ወዲያውኑ ዋሹ።